«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ያሉት ዳኛ፦ አቶ ሙላው አንተነህ (1926–2011 ዓ.ም.)

አቶ ሙላው አንተነህ ከአባታቸው ከግራዝማች አንተነህ ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘርፌ አሊጋዝ መጋቢት 7 ቀን 1926 ዓ.ም. በወሎ፣ ወረኢሉ ተወለዱ። ፊደልና ዳዊት ከአጎታቸው ተምረው ዘመናዊ ትምህርታቸውን በደሴ ተከታተሉ። ከዚያም አዲስ አበባ መጥተው በፍርድ ሚኒስቴር በጸሐፊነት እየሠሩ፣ በማታው ክፍለ ጊዜ ሕግ ተምረው የምስክር ወረቀት ተቀበሉ። በ1954 ዓ.ም. ከወይዘሮ የሺሀረግ ከበደ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ቸሩንና አይዳን ወለዱ።

በ1957 ዓ.ም. በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት፣ በኬንያ ጠረፍ አጠገብ በሚገኝ የወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ተሾሙ። ችሎቱ በአማርኛ ነበር፤ ባለጉዳዩ ግን የሚያውቀው ኦሮምኛ ብቻ ነው። አባታችን የሰው ቃል የሚደርሳቸው በአስተርጓሚ በኩል ነበር።

ቀጥሎ ያለው ታሪክ በቀብራቸው ቀን እንዲነበብ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። በ1959 ዓ.ም. አቶ ጉዮ ጃተኒ የተባሉ አርብቶ አደር በከብት ስርቆት ተከሰው ቀረቡ። አስተርጓሚው «ከብቶቹን ነድቻለሁ ይላል» አለ። አባታችን ይህን እንደ እምነት ቃል ቆጥረው ሦስት ዓመት ፈረዱባቸው።

ወይዘሮ የሺሀረግ ግን ወተት ከምታመጣላቸው ጎረቤት ጋር ሲውሉ ሲያድሩ ቋንቋውን ለምደው ነበር። ከዓመት በኋላ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ «ሙላው፣ ያ ሰውዬ ያለው እኮ ነድቻለሁ ብቻ አይደለም። ጠፍተው አግኝቻቸው ወደ ባለቤታቸው እየነዳሁ ነበር ነው ያለው፤ አገር ሁሉ ያውቃል» አሏቸው። አባታችን ምግባቸውን ትተው ተነሡ። ምስክሮቹን አስጠርተው፣ ወይዘሮ የሺሀረግን እንዲያስተረጉሙላቸው አጠገባቸው አስቀምጠው፣ አንድ በአንድ ሰሙ። ከዚያ ለበላይ ፍርድ ቤት «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ብለው በፊርማቸው ጻፉ። አንድ ሹም ጠርተው፣ «ዳኛ ተሳሳትኩ ካለ መንግሥት ተሳሳተ ማለት ነው፤ ደብዳቤህን ሳብ» ቢሏቸውም አልሳቡም።

አቶ ጉዮ ከአሥራ አራት ወር እስር በኋላ ተፈቱ። እሳቸው እስር ቤት ሳሉ ግን ትንሿ ልጃቸው ታማ ሞታ ነበር። አባታችን ይቅርታ ሊጠይቁ ቤታቸው ድረስ ሄዱ። አቶ ጉዮ ወተት አቅርበው፣ እስከ መጨረሻው ካዳመጧቸው በኋላ፣ «መምጣትህን አልጠላሁም። ይቅር ግን አልልህም» አሉ። አባታችን ወተቱን ጠጥተው፣ እጅ ነሥተው ወጡ። በዚያው ዓመት ወደ አዲስ አበባ መዝገብ ቤት ተዛወሩ፤ ዳግመኛም በችሎት አልተቀመጡም። ኦሮምኛን ግን መማራቸውን አላቋረጡም።

በደርግ ዘመን ሁለት ዓመት ታስረው ተፈቱ። በ1985 ዓ.ም. በልጃቸው በአይዳ አማካይነት ከባለቤታቸው ጋር ወደ ሚኒሶታ መጥተው በሆፕኪንስ ኖሩ። ዳውንታውን በሚገኝ ፓርኪንግ ራምፕ፣ ማለትም ባለፎቅ የመኪና ማቆሚያ፣ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። በዕረፍት ቀናቸው እንግሊዝኛ የማይችሉ ሰዎችን ይዘው ክሊኒክና ፍርድ ቤት ይሄዱ ነበር። የፊሊፕስ ሰፈር ነዋሪ የሆኑት ኦሮምኛ ተናጋሪዋ ወይዘሮ ከሚሪያ ከአፓርታማቸው እንዲወጡ ተከሰው ጉዳያቸው በሚታይበት ቀን፣ አስተርጓሚው ቃላቸውን ሲያዛባ አባታችን ከኋላ ወንበር ብድግ ብለው፣ «ኤክስኪዩዝ ሚ፣ ዩር ኦነር፤ እሷ ያለችው እንደሱ አይደለም» አሉ። ዳኛዋ «ሲት ዳውን፣ ሰር» ቢሏቸውም ቆመው ቀሩ። በመጨረሻ ሌላ አስተርጓሚ ተጠርቶ ነገሩ እንደ አዲስ ተሰማ፤ ወይዘሮ ከሚሪያም ከቤታቸው አልወጡም። ይህን የነገሩን እሳቸው ናቸው።

አባታችን በኩላሊት ሕመም ምክንያት ሁለት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊሲስ አድርገዋል። ባለፈው ወር «በቃኝ» አሉ። እኛ ልጆቻቸው እምቢ አልን፤ ተከራከርን፤ አለቀስን። እናታችን፣ «እናንተ ልጆቹ ናችሁ፤ እኔ ሚስቱ ነኝ። ደክሞታል። ተዉት ይረፍ» አሉን። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን አብረውን ሰነበቱ። ቀን ቀን እናታችን ዳዊት ያነቡላቸዋል፤ መስመር ሲስቱ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ያርሟቸው ነበር። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ እናታችን እያነበቡ ሳሉ አንድ መስመር ሳቱ፤ አራሚ አላገኙም።

አቶ ሙላው በተወለዱ በሰማንያ አራት ዓመታቸው ሲያርፉ፣ ሃምሳ ሰባት ዓመት አብረዋቸው የኖሩትን ወይዘሮ የሺሀረግን፣ ሁለት ልጆችንና አምስት የልጅ ልጆችን ትተዋል። በሕመማቸው ላልተለያችሁን፣ ዛሬም ከኩን ራፒድስና ከሩቅ በብርድ ለመጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። የአባታችንን ነፍስ ምሕረት ከሚያገኙት ጋር ይደምርልን፤ ለእናታችንም ብርታቱን ይስጥልን። አሜን።