በላጲስ የጠፉ መልሶች

ጥር 9

ሠላሳ አንድ ታካሚ። ሃያ ስድስቱን ያየሁት እኔ፣ የፈረመው ባለ ክሊኒኩ። ፈቃድ የለኝማ... "ረዳት" ነኝ።

ከሥራ መልስ የጥናት ፕሮግራም አወጣሁ። ለሐኪምነት ፈቃድ ፈተናው ዘጠና ቀን ቀርቶኛል። ለውስጥ ደዌ ሠላሳ ቀን፣ ለቀዶ ሕክምና ሃያ፣ ለሕፃናት ሃያ፣ ለማህፀንና ፅንስ አሥራ አምስት፣ የተረፈው ለክለሳ። በአራት ቀለም አስምሬ ከአልጋዬ ፊት ለፊት ለጠፍኩት።

ታናሽ እህቴ ገብታ አየችው። "ባለፈውም ግድግዳው ያምር ነበር" ብላኝ ወጣች። እሷ ፈተናውን በመጀመሪያው ሙከራ አልፋ ሆስፒታል ገብታለች። እኔ በሦስት ነጥብ ወድቄያለሁ። በሦስት። እሷ ስትናገር ለምንድነው እንዲህ የሚያበግነኝ? እውነት ስለሆነ ነው?

ጥር 15

ከፕሮግራሙ አምስት ቀን ወደኋላ ቀርቻለሁ። ገና የልብ ሕመም ምዕራፍ ላይ ነኝ። መጽሐፉን ደረቴ ላይ እንደዘረጋሁ እንቅልፍ ይጥለኛል።

ቅዳሜን ብቻ እንዲለቅልኝ ባለ ክሊኒኩን ለመንኩት። ጥርሱን እየጎረጎረ የሚያጠና ሰው ሰዓት አያጣም አለኝ። ሌላ ፕሮግራም አወጣሁ። የባለፈውን ፈተና ጨምሮ ሦስተኛው መሆኑ ነው።

ጥር 21



ጠዋት አንዲት ሴት መጣች። ከእምብርቷ በታች በቀኝ በኩል ያማታል፣ ስትነሳ ያዞራታል። የወር አበባዋ ሁለት ሳምንት ዘግይቷል። የልብ ምቷ መቶ አሥራ ሁለት። ካርዷ ላይ "ከማህፀን ውጭ እርግዝና ሊሆን ይችላል፤ የእርግዝና ምርመራና አልትራሳውንድ በአስቸኳይ" ብዬ ጻፍኩ። ሰውዬው አንብቦ በእስክሪብቶ ሰረዘው። የሽንት ኢንፌክሽን ነው አለ። ተከራከርኩ። እሷው ፊት፣ "ፈቃድ ሲኖርሽ ትከራከሪኛለሽ" አለኝ።

 ኪኒን ይዛ ስትወጣ በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ተከትያት ወጥቼ ሆስፒታል ሂጂ ብላት ምን ነበረበት?

ጥር 24

ባሏ መጣ። አናጢ ነው፤ ሱሪው ላይ ፍቅፋቂ ነበረበት። ሚስቱ በዚያው ቀን ወድቃ ሆስፒታል ወስዷት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። ከማህፀን ውጭ እርግዝና ነበር፤ ቱቦው ፈንድቶ ሆዷ ውስጥ ደም ሞልቷል። ለጥቂት ተረፈች።

የካርዱን ቅጂ እንግዳ መቀበያው ላይ ዘርግቶ ይህን የሰረዘው ማነው አለ። አልጮኸም። ሰውዬው ዓይኑን በጨው አጥቦ ወደ እኔ ጠቆመ። "ረዳቷ ገና ናት፣ ፈተናም አላለፈች፤ ጽፋ የምትሰርዝ ልጅ ናት" አለ።

ደሜ ፈላ። "የጻፍኩት እኔ ነኝ። የሰረዙት እሳቸው ናቸው" አልኩ። በዚያ ሰዓት እንኳን "እሳቸው" ማለቴ ያናድደኛል።

ጥር 25

ተባረርኩ። በስልክ፣ በእንግዳ ተቀባይዋ በኩል። ድምፁን እንኳን አላሰማኝም።

የካቲት 2

ስምንት ቀን ሙሉ እቤት ነኝ። ጊዜ ሞልቶኛል፤ አንድ ገጽ አልገፋሁም። መጽሐፉን ስገልጥ የሚታየኝ የሰውዬው ጣት ነው።

እህቴ ከአዳር ሥራዋ መጥታ ሳትተኛ ሃምሳ ጥያቄና ሰዓት ፊቴ አስቀመጠች። በንዴት ሠራሁት። አሥራ አራት ተሳሳትኩ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ ላጲስ ያለፈበትን ታይ ጀመር።

"እዚህ መጀመሪያ 'ለ' ነበር ያልሽው። ልክ ነበር። ይኼም ልክ ነበር..." ከአሥራ አራቱ ዘጠኙን አውቄያቸው አጥፍቻቸዋለሁ። "ስህተት ነው ብሎ ማን ነገረሽ?" አለችኝ።

ማንም። ሰውዬውም እዚህ የለም። እኔው ነኝ ያጠፋሁት። በሩን በላይዋ ላይ ዘጋሁት።

የካቲት 3

እህቴን ይቅርታ ጠየቅኋት። "ያጣሁትን እንቅልፍ ካሺኝ" አለች።

አዲሱ ፕሮግራም ግማሽ ገጽ ነው። ጠዋት ጠዋት ሰዓት ይዤ ሃምሳ ጥያቄ። ለተሳሳትኩት ሁሉ ለምን እንደተሳሳትኩ አንድ መስመር። ከሰዓት በኋላ ያንኑ ብቻ ማንበብ። ምክንያቱን መጻፍ ካልቻልኩ መልስ መቀየር ክልክል።

መጋቢት 12

ከሃምሳ አርባ አንድ። የቀየርኩት ሁለት ብቻ።

አናጢው ደወለ። ሚስቱ መራመድ ጀምራለች። ባለ ክሊኒኩን ለጤና ቢሮ ሊከስ ነው፤ ምስክር ሁኚልኝ አለኝ። እህቴ፣ "ያለ ፈቃድ ስታክሚ እንደነበር በራስሽ አፍ ልትመሰክሪ ነው?" አለች። እማዬም መጀመሪያ የፈቃድ ወረቀቱ እጅሽ ይግባ አለች።

አናጢውን ከፈተናው በኋላ አልኩት። "እሺ እህቴ" ብሎ ዘጋው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሚያዝያ 10

ተፈተንኩ። ሁለት መቶ ጥያቄ። ስድስት መልስ ቀየርኩ፤ ለስድስቱም ምክንያት አለኝ። ሌላ የምለው የለም።

ግንቦት 6

አለፍኩ። እማዬ አለቀሰች። እህቴ ውጤቱን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። እኔ ግን የጠበቅሁት ደስታ አልመጣም። ንዴቱ እዚያው ነው።

ፈቃዱ እስኪሰጠኝ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። እማዬ እስከዚያ ዝም በይ አለች። "ሊከለክሉሽ ይችላሉ፣ ልጄ።" ይችላሉ። አውቃለሁ። ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሥራ እስክይዝ እላለሁ፣ ከዚያ ደግሞ...

ለአናጢው ደወልኩ። ጤና ቢሮው በር ላይ ተገናኘን። ሚስቱም አብራው ነበረች፤ ክንዱን ይዛ ደረጃውን ቀስ ብላ ወጣች። ጸሐፊው ፎርሙን አወጣ። ያለ ፈቃድ ማከሜንም ጭምር እንደምናገር ነገርኩት። ስሜን ጠየቀኝ፣ ዕድሜዬን ጠየቀኝ።

"ሥራ?"

"ሐኪም" አልኩት።

ቀና ብሎም አላየኝም። ጻፈው።