ጋቢህ ቀድሞህ ገባ

መካነ ሰላም፣ ሰኞ ግንቦት 25 ቀን 1989 ዓ.ም.

የዛሬ ማለዳ ቆጠራ፦ አንድ ሬድዮ፣ ሁለት የመኪና ባትሪ፣ አንድ አንቴና፣ አሥራ አራት ክንድ ሽቦ። የጎደለ የለም፤ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው።

ለውድ ወንድሜ ለአዩብ፣ አሰላሙ አለይኩም። ባሕሩ እንዴት ይዞሃል? ጤናህስ? ያ የጎን ውጋት ተወህ ወይ? የመርከብ ባልደረቦችህስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከእማዬ በቀር ደህና ነን። የምጽፍልህም ስለ እሷ ነው፤ ሳትደነግጥ እስከ መጨረሻው አንብብ።

የመነጋገሪያ ሬድዮው እንዳይሰበር በጋቢህ ጠቅልለህ ላክኸው። ዕቃውን ስፈታ እማዬ ከጎኔ ነበረች። ወንድሜ፣ የአገርህን ወግ ዘነጋኸው እንዴ? ሰው ሳይመጣ የለበሰው ጋቢ ብቻውን የሚመጣው መቼ ነው? "ልጄን ባሕር በላብኝ!" ብላ ጮኸች፤ ጎረቤት ግቢውን ሞላው። ደብዳቤህን ባነብላት "ወረቀትማ አንተም ትጽፋለህ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ከቆሎና ከውሃ በቀር አትቀምስም፤ ሰውነቷ አልቋል። ሰደቃህ ለዓርብ ሰኔ 20 ተቆርጧል፤ በሬው ተለይቶ ታስሯል።

ስልክ ወዳለበት ከተማ ወርደሽ ይደወልልሽ ብላት ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም ትላለች። ስለዚህ እንዳልከኝ ወደ አቶ ንጉሡ ሄድኩ። ሰውዬው ከቴሌ በጡረታ የወጡ ሬድዮ ጠጋኝ ናቸው፤ አልጋና ምድጃ በገጠሙባት አሮጌ ሚኒባስ ከገበያ ገበያ እየዞሩ እዚያው ያድራሉ። የመነጋገሪያ ሬድዮ ፈቃድም በስማቸው አላቸው። የቀበሌው ታጣቂ ሁለት ጊዜ መጥቶ "ከማን ጋር ነው የምታወሩት?" ቢል ወረቀቱን አሳይተው መለሱት። ሬድዮውን ከአልጋው ራስጌ፣ ባትሪዎቹን ከሥሩ አሰርን። አንቴናውን ጣሪያው ላይ የተከልኩት እኔ ነኝ። ክረምቱ ስለቀረበ ውሃ እንዳያስገባ ብዬ ከሥሩ የጎማ ቁራጭ አነጠፍኩ፤ በሥራዬም ኮራሁ።

ትናንት እሑድ በመርከብህ ሬድዮ ልትጠራን በቀጠርከን ሰዓት መኪናዋን እማዬ ደጅ አቆምን። ድምፅህ መጣ! ቢንጫጫም ያንተው ነበር። "እማዬ፣ አለሁ፣ ደህና ነኝ" አልክ። እማዬ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። መነጋገሪያውን አፏ ላይ ያዝኩላት። "አዩቤ፣ እውነት አንተ ከሆንክ አባትህ የሸጣት በቅሎ ስሟ ማን ነበር?" አለች። አንተ ግን "ትሰሙኛላችሁ ወይ? ትሰሙኛላችሁ ወይ?" ብቻ። ሦስት ጊዜ ጠየቀችህ። በመጨረሻ እጄን ገፋ አድርጋ "ተጣርቶ የማይመልስ ሙት ነው። ይህን የጂን ሣጥን ከደጄ አንሱልኝ" አለችን።

አቶ ንጉሡ ጣሪያው ላይ ወጥተው ጎማዬን ሲያዩ "አንተ ነጋዴ፣ ጨው መሰለህ እንዴ እንዳይርስ የምትጠነቀቅለት?" አሉኝ። የአንቴናው እግር የመኪናዋን ብረት ካልነካ መስማት እንጂ ማሰማት አይሆንም አሉ። እንግዲህ አንተን በጋቢው ስወቅስ፣ እኔም በጎማዬ አለሁበት።

ቀጣዩ ቀጠሮህ እሑድ ሰኔ 8 ነው፤ ከሰደቃው በፊት ያለን እሱ ብቻ ነው። ደብዳቤውን ረቡዕ ወደ ጅዳ ሥራዋ የምትመለሰው የሠፈራችን ልጅ ሸጋዬ ይዛልህ ትመጣለች፤ መርከባችሁ ወደብ ስትገባ ከእሷ ተቀበል። ያን ቀን "ደህና ነኝ" ማለቱን ተው። ዝም ብለህ አድምጥና የጠየቀችህን መልስ። የበቅሎዋን ስም ሆን ብዬ አልጻፍኩልህም፤ ነግረኸው እንዳይሆን ብላ ቁርአን አስመትታ ታስምለኛለች። አስበህ አግኘው።

ባለቤቴ አሚራ እንዴት ሰነበትክ ትልሃለች። ልጃችን ጀብሪል ወደ አምስተኛ ክፍል ማለፉን ንገርልኝ ብሏል። ጎረቤታችን እትዬ ድንቅነሽም ሰላም ብለውሃል፤ እማዬን አንድ ጉርሻ እህል ለማስቀመስ ጠዋት ማታ የሚታገሉት እሳቸው ናቸው። እማዬን ሰላም በይው ብላት "ለሙት ዱዓ እንጂ ሰላም አይላክም" አለች። ስለ እሷ እኔ ሰላም ብዬሃለሁ።

ወንድምህ አበጋዝ

ነገ፦ ወረኢሉ ሄጄ የአንቴናው እግር ብረቱን እንዲነካ የመኪናዋን ጣሪያ ቀለም የምንፍቅበት የብርጭቆ ወረቀትና ሁለት ክንድ ወፍራም የመዳብ ሽቦ መግዛት።