የጋሽ ሀሚድ ጣት

ለምወድሽ እታለሜ አሲያ፣ ሻርጃ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ከረምሽልኝ? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ እኛ እንዳንጨነቅ ብለሽ ነው ደህና ነኝ የምትይው? ባልሽ ሙሐመድሁሴንስ እንዴት ነው? ሱንዱስ ጥርስ አወጣች? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባባ ጉልበቱን ያመዋል፤ ሐይቁ ዳር ያለችውን መሬት ግን ለማንም አላስነካም ብሏል።

የሥራዬን ነገር ጠይቀሽኝ ነበር። ያው ቼሎ፣ ያን ትልቅ ቫዮሊን መሳዩን፣ አስተምራለሁ። ቼሎው ሦስት፣ ተማሪው ዘጠኝ ነው፤ እግሯ ገና መሬት ከማይነካላት ከሰሚሃ ጀምሮ እስከ ጋሽ ሀሚድ ድረስ። መቼም ጋሽ ሀሚድን አትረሻቸውም፣ የዒድ ቀሚስሽን ይሰፉልሽ የነበሩትን። በስድሳ ስምንት ዓመታቸው፣ በልጃቸው በአሚናት ሠርግ ላይ አምባሰልን እጫወታለሁ ብለው መጡ። በልቤ ስቄ ተቀበልኳቸው፤ ወላሂ በሁለት ወር ተጫወቱት።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋት ከሆነ። ለጀማሪ ጣት ማሳረፊያ እንዲሆን በቼሎው አንገት ላይ ነጭ ፕላስተር እለጥፋለሁ፤ እኔም የተማርኩት እንዲያ ነው። የጋሽ ሀሚድ ጣት ታዲያ አምባሰል ሲጫወቱ ሁልጊዜ ከፕላስተሩ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል። ተሳስተዋል አልኳቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ይከራከረኝ ነበር፤ እሳቸው ግን መምህር ነህ ብለው፣ በሰሚሃ ፊት አንገታቸውን ደፍተው፣ ጣታቸውን ገፋ አደረጉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲያ አለማመድኳቸው።

ከዚያ ለዒድ የላክሽልኝን ድምፅ ሰማሁ። ዕቃ እያጠብሽ አምባሰልን ስታንጎራጉሪ፣ ድምፅሽ የሚያርፈው ልክ የጋሽ ሀሚድ ጣት በፊት ያርፍበት የነበረው ቦታ ላይ ነው። አስር ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት። እንግዲህ አራት ዓመት የተማርኩት እኔ ነኝ፣ ኖታ የማታውቂው አንቺ ነሽ። ማናችን ነን የተሳሳትነው? ግራ ገብቶኛል እታለም፣ ጭንቅላቴ ዞሯል።

ሰኞ እንደምንም ደፍሬ ፕላስተሩን ላጥኩትና፣ ጋሽ ሀሚድ፣ በፊት እንደሚጫወቱት ይጫወቱት አልኳቸው። ሞከሩ፣ ደግመው ሞከሩ፤ ጣታቸው ፕላስተሩ የነበረበት ላይ ሄዳ ቁጭ። "የቱ ጋ ነበር ልጄ? እስኪ አሳየኝ" አሉኝ። ማሳየት አቃተኝ፤ የኔም ጣት የለመደው ፕላስተሩን ነው። መጨነቄን አይተው ነው መሰለኝ፣ አብሽር፣ የአሁኑም ያምራል አሉ። ሠርጉ አስራ አንድ ቀን ቀርቶታል። እኔ ነኝ ያበላሸሁት ልበላቸው ወይስ ዝም ልበል? እባክሽ ቁጭ ብለሽ፣ ቀስ እያልሽ አንጎራጉሪልኝና ላኪልኝ።

አባባ በዱዓ አልረሳሽም ብሎሻል። ታናሻችን ኑርሀያት የሱንዱስን ፎቶ ትላክልኝ ትላለች። ሙሐመድሁሴንን ሰላም በይልኝ፣ ሱንዱስን ጉንጯን ሳሚልኝ። ጋሽ ሀሚድም ሰላምታቸውን አቅርበውልሻል፤ "ወንድሟ ስህተቴን አረመልኝ ብለህ ጻፍላት" ብለውኛል።

ወንድምሽ አሕመዲን
ሐይቅ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.