አጎት ከሰልፍ ኋላ

ወዳጄ፣ ተማሪዎች የመንግሥት ሥራን እንዲሞክሩ በተዘጋጀ ቀን የእህቴን ልጅ አጅቤ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት መጥቻለሁ። እነሱ በየመስኮቱ ተቀምጠው ያስተናግዳሉ፤ አብረን የመጣነው ዘመዶች ባለጉዳይ እንሆናለን። የበረታ ለክረምት ሥልጠና ይመረጣል። እኔ ብልጡ ልረዳት ብዬ ሰልፉን ጥሼ መስኮቷ ላይ ተደገፍኩና ጠቀስኳት።

«አጎትሽ ነኝ እኮ!»

«አውቃለሁ ጋሼ። ከኋላ ይሰለፉ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኛ ሰፈር ቢሆን ወንበር ይሳብልኝ ነበር! ከጀርባዋ የቆሙት ኃላፊ ግን ወዲያው ስሟን ከተመረጡት ተርታ ጻፉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜ ተራዬ ሲደርስ፣ ለካ ጉዳይ አላዘጋጀሁም! «እንኳን ደስ ያለሽ» ብዬ ውልቅ አልኩ።

የምጽፍልህ ፖስትካርድ ሞላብኝ፤ ቤተሰቡን ሳምልኝ። ለእህቴ መመረጧን ንገራት፣ የእኔን ነገር ግን አደራ!