የአባየ ልብ ከተሰፋ በኋላ

ህዳር 14፣ ጠዋት
ቁስሉን አጠብኩለት። የደረቱ ስፌት ደርቋል፣ የእግሩ ግን ገና ያዣል። ደብተሬ፣ ላንቺ የምጽፈው ስለምፈራ ነው። ለሰው ብናገር አያቴ አባየ ይሰማኛል። ሰማንያ ያለፈውን ሰውየ ደረቱን በመጋዝ ከፍተውታል እኮ! ልጁ፣ የጂዳው አጎቴ፣ አሠሪው ረድቶት እዚያ አሳክሞ ላከው። ከእግሩ የደም ሥር ቆርጠው ልቡ ላይ ሰፉለት፣ ደሙ የተዘጋውን ትቶ በሌላ በኩል እንዲያልፍ። አንድ እኩያው ለዚሁ ቀዶ ጥገና ገብቶ አልወጣም አሉ። አባየ ወጣ! አሁን እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ እኔ እጅ ላይ ነው። አባቴን ደርግ ከወሰደው ወዲህ እዚህ ከሱ ሌላ ማን አለኝ።

ህዳር 15
ጾም ገባ። ሱዳኒው ሐኪም ወተትም እንቁላልም ስጭው ብሎኛል። አባየ ፉል ብቻ አለ፣ እሱንም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። ለመንኩት። አለቀስኩ። ልቤን ጠገኑልኝ፣ አንች ደግሞ ሃይማኖቴን ልትጠግኝ ነው? ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ያመዋል፣ ደረቱን በትራስ ደግፎ ነው የሚስቅ። እንደዚህ ያለ ሰው የት አለ።

ህዳር 18
ዛሬ በሟች እናቴ ስም ጠራኝ። አለቀስኩ። በዚህ እድሜ ከማደንዘዣው በኋላ አእምሮ ቶሎ አይመለስም፣ ታገሽ ብሎኝ ነበር ሐኪሙ። ከሰዓት በኋላ ተመለሰለት። ምን ያስለቅስሻል አለኝ። ስንሰደድ ከመተማ ወዲህ እኔ ደክሞኝ ስቀመጥ እየጎተተ ያሻገረኝ እሱ ነው፣ ያን ጊዜም ሽማግሌ ነበር።

ህዳር 22
እግሩ አበጠ። በጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ይቀራል። ትንሽ ሲራመድ ያለከልካል። ኪኒኑን በየጠዋቱ በጄ ነው የምሰጠው፣ ታዲያ ምነው? ትራሱን ሳራግፍ ኪኒኖቹ ዱብ ዱብ አሉ። ወይኔ! ጉንጩ ውስጥ ይዞ ስወጣ ይተፋቸዋል! በውሃ ከዋጥኩ ጾሜ ተሻረ ብሎ!

ከሰዓት
ሐኪሙ ጋ ሮጥኩ። አልተቆጣኝም። እናቴም በረመዳን እንዲሁ ታደርገኛለች አለ። ማታ ብቻ ብሰጠውስ አልኩት። አይሆንም፣ ጠዋትም ካልዋጠ እግሩን ያሳበጠው ውሃ ሳንባው ይገባና ይሞትብሻል፣ እኔን አይሰማም፣ ለቄሳችሁ ንገሪ አለኝ።

ህዳር 23
የንስሐ አባቱን አባ ተክሌን አመጣኋቸው። መድኃኒት ጾም አይሽርም አሉት። አባየ፣ የሰነፍ ሰበብ ነው አለ። ቄሱ ተነስተው ቆሙ። "እንግዲያው ገዝቼሃለሁ! ኪኒኑን ብትተፋ፣ ወተቱን ብትመልስ፣ ቤተክርስቲያን ደጅ እንዳትደርስ!"
"ይሄስ ግፍ ነው፣ አባቴ።"
"ግፍ ነው። ዋጥ።"
ዋጠ! ውሃውንም ጭልጥ! ደረቱን የተሰነጠቀ ሰው ግዝት ፈራ። ከዚያ ዞሮ፣ "አንች ሰላይ፣ ደርግ ነው ያሰለጠነሽ?" አለኝ። ቄሱም ሳቁ። እኔ እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ታህሳስ 6
እብጠቱ ጎደለ። ወተቱን ፊቱን አጨማዶ ይጠጣል፣ ለግዝቱ ሲል። በስሜ ይጠራኛል። እስከ አጥሩ ሄዶ ይመለሳል፣ ከዚያ ወዲያ አላሳልፈውም። እስር ቤት ከዚህ ይሻላል ይላል። ሐኪሙ አዳመጠውና ልቡ ደህና ይመታል አለ። እድሜው ብዙ ነው፣ ለነገ ቃል አልሰጥሽም፣ ዛሬ ግን ይራመድ አለኝ። ይራመድ! ይላል፣ እሱ ምን አለበት።

ታህሳስ 28፣ ከሰዓት
ዛሬ የልደት ዋዜማ ነው። ቤተክርስቲያን በእግሬ እሄዳለሁ አለ። ከገበያው ማዶ እኮ ነው! ለጎረቤት ነግሬ አህያ ላምጣልህ አልኩት። ልቤን ያሰፋሁት አህያ ላይ ልቀመጥ ነው? አለ። መንገድ ላይ ቢወድቅብኝስ፣ ለአጎቴ ምን እላለሁ፣ ለራሴስ። እምቢ ልለው አፌን ከፈትኩ። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ራሱ አጠለቀ። ከጂዳ ከመጣ ጎንበስ ብሎ አያውቅም። ቀና ሲል ፊቱ ወዝቷል፣ አየኝ።
ይሁን። አልከለክለውም። በርጩማ ተሸክሜ ከኋላው እሄዳለሁ፣ ሲደክመው ይቀመጣል፣ ሲነሳ እንሄዳለን፣ ቢመሽም ይምሽ። ፈርቻለሁ፣ ግን እሄዳለሁ። ይጠራኛል፣ አጥሩን አልፎ ወጥቷል እኮ፣ አባየ ቆይ