ነጩ ግድግዳ ቢጫ የወጣበት ሳምንት

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ

ዓይኔ ዛሬም ተቃጠለ። ድሮ ደንበኛ የሚፈልገውን ቀለም በእጁ ይዞ ይመጣ ነበር፤ የተላጠ የግድግዳ ቁራጭ፣ የመጋረጃ ጫፍ። አሁን ሁሉም ፎቶ ነው የሚልከው። ስልኬን አጠገቤ አስቀምጬ፣ ቀለሙን ካርቶን ላይ ጠብ አድርጌ፣ ከፎቶው ጋር እያስተያየሁ ስቀምም እውላለሁ። የቀለም ሱቁ በር ላይ ፀሐይ ስላለ የስልኩን ብርሃን እስከ ጥግ እለቀዋለሁ። ቤት ስገባ ያው ብርሃን ዓይኔን ይወጋኛል። መቀነሱን እረሳለሁ... ማን ያስታውሰኝ?

ባለቤቴ። የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ መኪናው ጋራዥ ስለገባ ሰሞኑን ቤት ነው። ሥራ ፈትቷል። "አምጪው እስቲ፣ ይሄን ስልክ ልክ አስገባዋለሁ" አለ። ሲነካካ አመሸ።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ሰውዬው ለካ ያውቃል! ስልኩ ሌላ ስልክ ሆነ። ስክሪኑን ሲገፉት አይንገጫገጭም፣ ቅቤ እንደተቀባ ነው የሚንሸራተተው። ባትሪው እስከ ማታ ቆየ። ዓይኔም... አላቃጠለኝም። ብነግረው ደረቱን ነፋ። "መቼ ነው የማላውቀው?" እሺ ጌታዬ።

አንዲት የጥርስ ሐኪም የታካሚ መጠበቂያ ክፍሏን ልታስቀባ ፎቶ ላከች። "ልክ እንደዚህ" ብቻ ነው ያለችው። ቀመምኩ። ቁጭ ፎቶውን! ቀቢው መጥቶ ወሰደ።

ኅዳር 7፣ ዓርብ

ሐኪሟ ሱቅ ድረስ መጣች። "እህቴ፣ እኔ እኮ ነጭ ነው የላክሁልሽ! ያ ግድግዳ የሚያጨስ ሰው ጥርስ ነው የሚመስለው!" ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

የሱቁ ባለቤት ጋሼ ወደ ጥግ ጠሩኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው... "ዓይንሽ እየደከመ ይሆን? ከሰኞ ጀምሮ ብሩሽ መሸጡ ላይ ሁኚ። ቅመማውን ሌላ ሰው ይያዘው።"

ብሩሽ መሸጥ? እኔ? ከዚህ ሱቅ የወጣ ቀለም ሁሉ በዚህ ዓይን ያለፈ ነው። ዓይኔ ደህና ነው። ደህና ነው አልኩ! ግን ግድግዳውስ? ተናድጃለሁ። ትንሽም ፈርቻለሁ። ቅመማውን ከወሰዱብኝ ምን ቀረኝ?

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

ክሊኒኩ ሄድኩ። ፎቶውን ከፍቼ ስልኬን ከግድግዳው ጋር አጠጋሁት። አንድ ናቸው! "ይኸው ዶክተር፣ ይዩት።" አየች፤ ግራ ገባት። የራሷን ስልክ አውጥታ ከጎኑ ያዘችው። ያው ፎቶ... የእሷ ነጭ፣ የእኔ ቢጫ።

ከዚያ ሳቄ መጣ። ባለቤቴ ስልኬን ሲነካካ ማምሸቱ ትዝ አለኝ፤ እዚያው ደወልኩለት።

"አንተ፣ ስልኬን ምን አደረግከው?"

"ምን አደረግኩት... የዓይን ምቾት የሚል ነገር አለ፣ እሱን አበራሁልሽ። ብርሃኑን ለዘብ፣ ቢጫ ቢጫ ያደርገዋል። ዓይንሽን እንዳያቃጥልሽ ብዬ እኮ ነው። ምነው፣ አበላሸሁ?"

ድምፁ አነሰብኝ። የዓይን ምቾቱን አጠፋሁት፤ ቢጫው ከስክሪኑ ላይ ጥርግ ብሎ ሄደ። ዓይኔ ያየውን ነው የቀመምኩት!

ኅዳር 10፣ ሰኞ

ብሩሹ ጋ አልቆምኩም። ጋሼ ፊት ያንን ነገር አበራሁ፣ አጠፋሁ፤ ቢጫ፣ ነጭ፣ ቢጫ። አሁንም አልለቀቁኝም። "እሺ፣ የስልኩስ ይሁን። ዓይንሽስ?"

"ይፈትኑኛ!"

የቀለሙ ስም ጀርባቸው ላይ የተጻፈ ነጭ ነጭ ካርዶች አመጡ። በር ላይ ወጣን፣ በቀን ብርሃን። የወተት ነጭ፣ የኖራ ነጭ፣ የእንቁላል ቅርፊት... እየጠራሁ ሄድኩ፤ እሳቸው እየገለበጡ ያያሉ። አንድም አልሳትኩም። መልሰው ሲደረድሩ እሳቸው ራሳቸው ሁለቱን አምታቱ፤ አረምኳቸው። "በይ፣ ወደ ቦታሽ!" አሉ ሳቃቸውን እየዋጡ። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። ከአሁን ወዲያ ከስልክ ፎቶ ቀለም አልቀምምም፣ ደንበኞች ቁራጭ ይዘው ይምጡ አልኩ። እሺ አሉ።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ

የክሊኒኩ ግድግዳ እንደገና በቀመምኩት ነጭ ተቀብቶ አለቀ። ሐኪሟ ደውላ አመሰገነች።

ዓይኔ ግን ማታ ማታ መቃጠሉን ቀጥሏል። ባለቤቴ ከቅዳሜ ወዲህ ስልኬን በጣቱ አልነካም። ዓይኔን ሳሽ ያየኛል፣ ከዚያ ፊቱን ያዞራል። ሥራዬን ሊያሳጣኝ እንደነበር ገብቶት ተሸማቋል። ተው ብለው፣ ብቀልድበት... አልሆነም። አሳዘነኝ።

ነገ መኪናው ከጋራዥ ይወጣል፤ ብዙ ቀን መንገድ ላይ ነው። ማታ ማታ በቪዲዮ ነው የምንተያየው። ሻንጣውን ሲያዘጋጅ ስልኬን ዘረጋሁለት።

"በል፣ ያንን የዓይን ምቾት መልሰህ አብራልኝ።"

"ተይው ባክሽ፣ ደግሞ ቀለም ላበላሽብሽ?"

"ቀን አጠፋዋለሁ። ማታ የማየው አንተን ነው፤ ቢጫ ብትሆንም አውቅሃለሁ።"

ሳቀ። ስልኩን ተቀበለኝ።