በጥሩነሽ ድንጋይ ላይ የምጽፈው

ሰኞ፣ የጥር ኪዳነ ምሕረት

ዛሬም አልሆነም። «ለ» እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ወጣ። መምህርቷ ደብተሬን ወሰደችና አዙራ አየችው። «አባባ፣ ሲያዞሩት እኮ ልክ ነው» አለች። ልክ ከሆነ ምን አስጨነቀሽ ልላት ነበር። ተውኩት። ከቀየት ከተማ የመጣች ልጅ ናት፣ ትዕግሥት ነው ስሟ። ስሟን ትመስላለች።

ይህን የምጽፈው እሷ አዝዛኝ ነው። «በየቀኑ የዋሉበትን ይጻፉ፣ ሦስት መስመርም ይበቃል፣ እኔ አላየውም» አለች። እርፍ የጨበጠ እጅ እስክሪብቶንም እንደ እርፍ ይጫናል። አንዱን መስመር ስጨርስ ያልበኛል፣ በዚህ ውርጭ።

ማንበብ አላጣሁም። ዳዊት እደግማለሁ። ግን በልጅነታችን የኔታ ዘንድ ለሁላችን የነበረው ዳዊት አንድ ነው። ዙሪያውን ከበን እንቀመጣለን። የታደለው ከፊቱ ይቀመጣል። የኔ ቦታ ከራስጌው ነበረ። ፊደል ሁሉ ተገልብጦ ነው የመጣልኝ፣ እንደ ተገለበጠም ገባኝ። እስከ ዛሬ መጽሐፍ ገልብጬ ነው የምይዘው። ሰው ሲስቅ «ቃሉ አይገለበጥም» እላለሁ። መጻፍ ግን ማንም አላስተማረንም። የኔታ «እሱ ሌላ ሙያ ነው» ይሉ ነበር። እናቴ ደግሞ የሚጽፍ ልጅ ጠንቋይ ይሆናል ትል ነበር።

አሁን በስተርጅና ለምን? በአፌ ምክንያት። ጥሩነሽ፣ የቤቴ ሰው፣ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው። ለመቃብሯ ድንጋይ አስጠርቤያለሁ። ጠራቢው ካሣ ከዓለም ከተማ የመጣ ነው። እጁ ጎበዝ ነው፣ ፊደል ግን አይለይም። ሰው በከሰል የጻፈለትን መስመር እየተከተለ ነው የሚቀርጸው። የደብሩ መሪጌታ «እኔ እጽፍለታለሁ» አለ። ሰንበቴ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት፣ «ለሚስቴ የምጽፍ እኔ ነኝ» አልኩ።

ድንጋዩ የሚጋደመው በአስተርእዮ ማርያም ነው። ቅዳሜ።

ማክሰኞ

የአንዱን ክፍል ቆርቆሮ ነፋስ ወስዶታልና ሁላችንም አንድ ቤት ገባን። ከፊት አንደኛ ክፍሎች። መሐል ስምንተኛ ክፍሎች። ከኋላ እኛ ጎልማሶች ተብዬዎቹ፣ ጥርስ የሌለን። መምህርቷ ከአንዱ ወደ አንዱ ትመላለሳለች። ሦስት ማሳ በአንድ በሬ።

አንዲት ፍሬ የምታህል ልጅ «ለ»ን ቀጥ አድርጋ ጽፋ ለኔ አሳየችኝ። ጎበዝ አልኳት። የኔን «ለ» ግን በመዳፌ ሸፈንኩት።

ስምንተኛ ክፍሎች ስለ እናታቸው ድርሰት ጻፉ። ሁሉም አንድ ዓይነት ጻፉ። እናቴ ጥሩ ናት፣ እወዳታለሁ። መምህርቷ አንዷን «እናትሽ ትናንት ምን አለችሽ? እሱን ጻፊ» አለቻት። ልጅቷ አፏን ሸፍና «ትናንትማ አንቺ ቀላዋጭ ፍየል አለችኝ» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «እሱን ጻፊው» አለች መምህርቷ።

ይጻፋል እንዴ እንዲህ ያለ? እኔ ፊደል ለእግዜር ቃል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ወደ ቤት ስሄድ መንገድ ላይ ጥሩነሽ ትለኝ የነበረውን አስታወስኩ። «አንተ ድንጋይ» ነበር የምትለኝ። እልኼ ሲነሣ። በቀን ስንቴ እንደምትለው እግዜር ይወቀው።

ጎረቤቴ እማማ አስካለ አጠገቤ ነው የምትቀመጥ። ደብተሬን አየችና «አያ ሽፈራው፣ ፊደሉን ምን አጠጣኸው? በጀርባው ተዘረረ እኮ» አለች። ባል የሞተባት ሴት ምላሷ ይረዝማል።

ረቡዕ፣ ሰባሩ ጊዮርጊስ

ትምህርት አልሄድኩም። ቤተ ክርስቲያን ከመሪጌታ ጋር ተጣላን።

አብሮ አደጌ ነው፣ አንተ ነው የምንባባለው። ያኔ ከዳዊቱ ፊት ይቀመጥ የነበረው እሱ ነው። ዛሬም ከፊት ነው።

«ወለተ ማርያም ብለህ ጻፍ፣ ይበቃል» አለኝ። «ጥሩነሽ የሚለውንም እጽፋለሁ» አልኩት። «የዓለም ስም እዚያ ምን ይሠራል? እግዜር የሚያውቃት በክርስትና ስሟ ነው።» «እኔስ? እኔ የማውቃት በጥሩነሽ አይደለም?» አልኩት። ከዚያ ጺሙን እያሻሸ «መጀመሪያ ፊደሉን በእግሩ አቁመው፣ ከዚያ ስም ታማርጣለህ» አለ። ቆመው የነበሩት ሁሉ ሰሙ። ማን እንደነገረው አውቃለሁ። አስካለ ናት።

ማታ እህል አልበላ አለኝ። እልኼን ትቼ እሱ ይጻፈው ልበል? አልልም።

ሐሙስ፣ ገብርኤል

ሆነ! ወለተ ማርያም። ጥሩነሽ። በእግራቸው ቆሙ።

መምህርቷ ልጆቹን ሥራ ሰጥታ እኔ ዘንድ ቁጭ አለች። «አባባ፣ ፊደሉን ሰው ነው ይበሉ። እግሩ ወደ እርስዎ ሆድ፣ ራሱ ወደ ሰሌዳው» አለች። እየጮህኩ ጻፍኩ። እግሩ ወደ ሆዴ፣ እግሩ ወደ ሆዴ። አንደኛ ክፍሎች እንደ ዜማ ተቀበሉኝ። ባለጌዎች። ደስ አለኝ ግን።

ለኔ ዓይን አሁንም የተገለበጠ ነው የሚመስለኝ። ጥሩነሽ በራሷ ተተክላ። «ልክ ነው፣ ይመኑኝ» አለች። አመንኳት። ይህን ደብተር ግን እንደ ልማዴ ነው የምጽፈው። አላየውም ብላ የለ።

አስካለም ስሟን ጻፈች። ደብተሩን ወደ ብርሃን አንሥታ ስታየው ቆየችና «እንኳንም ባሌ ሞተ፣ ይህን ቢያይ ለማን ደብዳቤ ልትልኪ ነው ብሎ ይገድለኝ ነበር» አለች። መምህርቷ ስቃ ስቃ እንባዋን ጠረገች።

ዓርብ

ጻፍኩት። በገዛ እጄ።

ድንጋዩ መሬት ላይ ተጋድሞ ነበር። ካሣ መስቀሉን ከራስጌው አስቀድሞ ቀርጾታል። እኔ ከግርጌው ተንበረከኩ። ከሰሉን ሰጠኝ። ነፋሱ ዓይን አያስገልጥም። ሰንበቴ ላይ የሰሙኝ ሰዎች ዙሪያዬን ቆመዋል፣ ፊደል የቆጠረ አንድ የለባቸውም። መሪጌታ ለቀብር ወደ ዘመሮ ወርዷል። እንኳንም አልነበረ።

እግሩ ወደ ሆዴ ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ስሟን በልቤ ጠራሁት። እጄ በራሱ ሄደ። እንዲህ አምሮ ጽፌ አላውቅም። «ሽ»ን ስጨርስ ከሰሉን ለካሣ መለስኩለት። «ጨረሱ አባባ?» አለ ካሣ። «ቅረጽ» አልኩት፣ እንደ ንጉሥ። እስኪመሽ ቀረጸ።

መምህርቷ ትየው። መሪጌታም ይየው።

ቅዳሜ፣ አስተርእዮ ማርያም

ምነው እጄን በቆረጠው።

ከቅዳሴ በኋላ ሰዎች ድንጋዩን ተሸክመው መቃብሯ ላይ አጋደሙት፣ መስቀሉን በራሷ በኩል አድርገው። መሪጌታ ከግርጌው ቆመ። አንገቱን ወደ ግራ አዘመመ። ወደ ቀኝ አዘመመ። ከዚያ ዞሮ ወደ ራስጌው ሄደና ከዚያ ሆኖ አነበበው። «ወለተ ማርያም። ጥሩነሽ።»

ያኔ ገባኝ። ዓርብ ዕለት እጄ ወደ ዱሮው ሄዷል። ለኔ ዓይን ስላማረ ቀጥ ያለ መስሎኝ ነው። መስቀሉ ቆሟል፣ ስሟ ተዘቅዝቋል።

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ብዙ ሰው። መሪጌታ አልሳቀም፤ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ካሣ «እኔ ያየሁትን ነው የቀረጽኩ» እያለ ይምላል። ማን ምን አለህ? እንደገና ይፋቅ ቢባል ድንጋዩ ስስ ነው፣ ይሰነጠቃል አለ። ነገ ወደ አገሩ ይገባል።

ጠላውን ሳልቀምስ ሄድኩ። ሚስቴን በሙት ዓመቷ አሳቅሁባት።

እሑድ

ቅዳሴ ከውጭ ቆሜ አስቀደስኩ። ማንንም ቀና ብዬ አላየሁ።

ሰው ሲበተን ወደ መቃብሯ ሄድኩ። መምህርቷና አስካለ ቀድመውኛል። መምህርቷ ከራስጌው ቁጭ ብላ ፊደሉን በጣቷ ትከተላለች። «አባባ፣ እጅዎ እኮ ያምራል» አለች። «አታባብይኝ» አልኳት። እንደ ልጅ ደነገጠች። መልሼ አዘንኩ።

አስካለ ድንጋዩን ዞራ አየችና «አያ ሽፈራው፣ የሞተ ሰው ፊቱ ወዴት ነው የሚቀበር?» አለች።

«ወደ ምሥራቅ ነዋ። ምን ያስጠይቅሻል?»

«እንግዲያ የትንሣኤ ዕለት ቀና ብላ ስትቀመጥ፣ ከራሷ በኩል ሆና አይደል የምታየው? ለሷ ቀጥ ብሎ ነው። ለኛ ነው የተገለበጠው።»

«ማንበብ አትችልም ጥሩነሽ» አልኩ።

«አንተ ስትሞት ምን ልትሠራ ከጎኗ ትተኛለህ? ታነብላታለህ እንጂ፣ ድንጋይ!»

ድንጋይ አለችኝ። ያን ቃል ከሰው አፍ ከሰማሁ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ዓይኔን ነፋስ ነው አልኳቸው።

አሁን ቤት ገብቼ ሳስበው ነገሩ እውነት ይሁን የአስካለ ወሬ አላውቅም። ነገ ሰኞ ነው። ትምህርት ልሂድ አልሂድ እሱንም አላውቅም። እነዚያ አንደኛ ክፍሎች ዜማቸውን ይዘው ይጠብቁኛል።

አንድ ነገር ግን አሳሰበኝ። የኔን ድንጋይ የሚጽፈው መሪጌታ ነው፣ ሌላ ሰው የለም። እሱ ደግሞ ቀጥ አድርጎ ነው የሚጽፈው። ከጎኗ ተጋድሜ ስሜ ወዲያ፣ ስሟ ወዲህ ሊዞር ነው። ነገ ሄጄ ገልብጠህ ጻፍልኝ እለዋለሁ። እሺ የሚለኝ አይመስለኝም።